ፊደል ወደ ተማሪው የሄደበት መንገድ

የትምህርት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚወሱት የትምህርት ቤቶች መከፈት፣ የሥርዓተ ትምህርት መለወጥና የታላላቅ መምህራን ስም ናቸው። ተማሪው ግን እንደ ውኃ ይታሰባል፤ በተቀደደለት ቦይ ይፈስሳል ተብሎ ይጠበቃል። ይሁን እንጂ በየትኛውም ዘመንና በየትኛውም አገር በተቀደደው ቦይ ሊፈስሱ ያልቻሉ ተማሪዎች ነበሩ። ዓይናቸው የማያይ፣ ጆሮአቸው የማይሰማ፣ አእምሮአቸው ነገርን በዝግታ የሚቀበል፣ ወይም ደግሞ ከእኩዮቻቸው ቀድመው የሚሮጡ፣ እነዚህ ሁሉ በመምህሩ ፊት አንድ ጥያቄ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ይኸውም ተማሪው ወደ ትምህርቱ ይምጣ ወይስ ትምህርቱ ወደ ተማሪው ይሂድ የሚለው ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ ባለፉት ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመታት በሌሎች አገሮችና በአገራችን እንዴት እንደተመለሰ፣ አንዳንድ ጊዜም እንዴት በስሕተት እንደተመለሰ በጥቂት ታሪካዊ ምሳሌዎች ማሳየት ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆኑት ዓመታት «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ሲኖራቸው፣ የቀሩት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስተውል እናሳስባለን።

በጣት የሚነበብ ፊደል

በ1771 ቫለንቲን አዊ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ በአንድ የገበያ በዓል ላይ ዓይነ ስውራን የማላገጫ ልብስ ለብሰው የሕዝብ መሳቂያ ሆነው ተመለከተ። ሰውየው በዚያ ቀን ያየው ነገር እንደ እሳት እንዳቃጠለው በኋላ ራሱ ተርኳል። ከዐሥራ አራት ዓመታት ያህል በኋላም፣ በ1785፣ በዚያችው ከተማ ለዓይነ ስውራን ወጣቶች ትምህርት ቤት ከፈተ። የአዊ ብልሃት ቀላል ነበር። ፊደሉ ከወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ እንዲታተም በማድረግ ተማሪው በጣቱ እየዳሰሰ እንዲያነብ አደረገ። ዓይነ ስውር ማንበብ ይችላል ብሎ ለዓለም ያስመሰከረ ሰው በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም አዊ ያሳተመው ፊደል ለዓይን ተብሎ የተሠራው የላቲን ፊደል ነበር። ዓይን አንድን ፊደል በአንድ አፍታ ይለየዋል፤ ጣት ግን ቅርጹን ዙሪያውን ተከትሎ ካልጨረሰ አይለየውም። መጻሕፍቱ ትልልቅና ከባድ፣ ንባቡም እጅግ ዝግተኛ ሆነ። ከዚህም የከፋው ተማሪው የሚያነበውን ያህል በራሱ እጅ መጻፍ አለመቻሉ ነበር። ትምህርቱ ወደ ተማሪው ጥቂት ተራምዶ ከመንገድ ላይ ቆሞ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሌላውን እርምጃ የተራመደው ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ ተማሪ ነው። ሉዊ ብሬል በ1809 ኩቭሬ በምትባል የፈረንሳይ መንደር ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበሩና ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ በስለታም መሣሪያ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው፤ ጉዳቱም ወደ ሌላው ዓይኑ ተዛምቶ ብርሃኑን ፈጽሞ አጣ። በዐሥር ዓመቱ ወደ ፓሪስ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የጦር መኮንን በዐሥራ ሁለት ነጥቦች ላይ የተመሠረተ፣ ድምፅን የሚመዘግብ የዳሰሳ ጽሕፈት አቀረበ። ብሬል ሐሳቡን ወዶ ጉድለቱን አየ። ዐሥራ ሁለት ነጥብ ከጣት ጫፍ ያልፋል። ነጥቦቹን ወደ ስድስት ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ፊደል በአንድ ንክኪ እንዲታወቅ አደረገ። ይህን ሥራ በ1824 ሲያዘጋጅ ዕድሜው ዐሥራ አምስት ብቻ ነበር፤ በመጽሐፍ ያወጣውም በ1829 ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ብሬል ራሱ በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሳለ፣ ተማሪዎቹም በነጥቡ እየጻፉ ሳለ፣ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ፊደሉን ለረዥም ጊዜ ሳይቀበለው ቆየ፤ በአንድ ወቅትም ከለከለው። ክልከላው ከክፋት የመነጨ አልነበረም። ለዓይነ ስውራን ብቻ የሚሆን ፊደል ከሌላው ሕዝብ ይለያቸዋል የሚል ስጋት ነበር። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ ለመልእክትና ለማስታወሻ የሚጽፉት በዚሁ በነጥብ ነበር። ፊደሉ በትምህርት ቤቱ በይፋ የጸደቀው በ1854፣ ብሬል ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከሕዝብ ይለያቸዋል ተብሎ የተፈራው ፊደል የሕግ፣ የሒሳብና የሙዚቃ መጻሕፍትን በእጃቸው አስገብቶ ከሕዝብ ጋር አገናኛቸው።

የሚላኖ ጉባኤ

ሁለተኛው ምሳሌ መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች የሚመለከት ነው። በ1760 አካባቢ አቤ ደ ሌፔ የተባሉ ካህን በፓሪስ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በነፃ ማስተማር ጀመሩ። ካህኑ ልጆቹ እርስ በርሳቸው በእጃቸው እንደሚነጋገሩ አስተዋሉና የእጃቸውን ቋንቋ መነሻ አድርገው ወደ ፈረንሳይኛ ጽሕፈት አሸጋገሯቸው። ከዚህ ትምህርት ቤት መስማት የተሳናቸው መምህራን ወጡ። ከእነርሱም አንዱ ሎራን ክሌር በ1816 ቶማስ ጋላውዴት ከተባለው አሜሪካዊ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ የመጀመሪያውን ዘላቂ የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አቋቋመ። በዚያ ዘመን መስማት የተሳነው ሰው መምህር ሆኖ መታየቱ እንግዳ ነገር አልነበረም።

በመስከረም 1880 ግን በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ የመምህራን ጉባኤ ተሰበሰበ። ተሰብሳቢዎቹ 164 ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል መስማት የተሳናቸው ከአንድና ከሁለት አይበልጡም ነበር። ጉባኤው ንግግር ከምልክት ይበልጣልና መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግርና ከንፈርን በማየት ብቻ እንዲማሩ የሚያደርገውን ውሳኔ በ160 ድምፅ ድጋፍና በ4 ተቃውሞ አሳለፈ። ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች የምልክት ቋንቋ ታገደ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራቸው ተገለሉ፤ በእጃቸው ሲነጋገሩ የተገኙ ልጆችም ተቀጡ።

ከንፈርን አይቶ ቃልን መረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ በራሳችን ቋንቋ መሞከር ይበቃል። «በላ» እና «መላ» የሚሉትን ቃላት ድምፅ ሳያሰማ የሚናገር ሰው ቢኖር ተመልካቹ ሁለቱን በከንፈር ብቻ ሊለይ አይችልም። ለ፣ መ፣ በ እያለ ፊደል ሲያስቆጥር በከንፈር የሚዘጉትን ድምፆች ሁሉ ልጁ እንደ አንድ ያያቸዋል። እንግዲህ ልጁ ሳይንስንና ታሪክን ሊማርበት የሚገባው ጊዜ ድምፅን ለማውጣት በሚደረግ ድካም አለፈ። በትምህርት ወደ ኋላ በቀረ ጊዜም ጥፋቱ በዘዴው ላይ ሳይሆን በልጁ አእምሮ ላይ ተጫነ።

ዊሊያም ስቶኪ የተባለው አሜሪካዊ መምህር በ1960 ባሳተመው ጥናት የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓትና አወቃቀር ያለው እውነተኛ ቋንቋ መሆኑን አሳየ። በሐምሌ 2010 ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የተሰበሰበው የዚያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ወራሽ የሚላኖን ውሳኔዎች ውድቅ አድርጎ ስላደረሱት ጉዳት ጸጸቱን ገለጸ። በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት አለፈ። በዚያ ዘመን ውስጥ ተወልደው፣ ተምረው፣ አርጅተው ያለፉ ተማሪዎች ቁጥር ስንት እንደሆነ ማን ይነግረናል? የሚላኖ መምህራን ተማሪዎቻቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። የጎደላቸው ፍቅር ሳይሆን ተማሪዎቻቸውን መጠየቅ ነው።

መለኪያና ፍርድ

የማየትና የመስማት ችግር በግልጽ የሚታይ ነው። በመደበኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ትምህርቱ የማይገባው ልጅ ጉዳይ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። በፈረንሳይ ትምህርት የሁሉም ልጅ ግዴታ ከሆነ በኋላ ይህ ጥያቄ ፈጥጦ ወጣ። በ1904 የአገሪቱ መንግሥት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ከአባላቱ አንዱ የሥነ ልቡና ሊቅ የነበረው አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ሠላሳ ጥያቄዎችና ተግባራት ያሉበት መለኪያ አወጣ። ዓላማውም ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ በመምህሩ ጥላቻ ወይም ፍቅር ሳይሆን በእኩል ሚዛን ለይቶ ማወቅ ነበር።

ቢኔ መለኪያውን እንደ ፍርድ አልቆጠረውም። በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የአእምሮ መጠን አይለወጥም የሚሉትን አጥብቆ ተቃውሟል። ለነዚህ ልጆች በተከፈቱት ክፍሎችም ልጆቹ እንደ ሐውልት ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆሙ የሚያደርግ ጨዋታ ይሰጥ ነበር። ዓላማው ልጁ ከትምህርቱ በፊት አሳቡን መሰብሰብን እንዲለማመድ ነው። ቢኔ በ1911 ሞተ። መለኪያው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ በሌሎች እጅ ሲገባ የበሩ መክፈቻ የነበረው መዝጊያ ሆነ። በአሜሪካ ውጤቱ የሰውየው ቋሚ ማንነት ተደርጎ ተወሰደ፤ ብዙዎች ከትምህርት ቤት ተለይተው በተዘጉ ተቋማት ተከማቹ። በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አእምሮአቸው ደካማ ነው የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ በሕግ ማምከን ይቻላል ብሎ እስከ መፍረድ ደረሰ። ለእርዳታ የተሠራ ሚዛን ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ምስክር መሆኑ፣ ፈተና ለሚያወጣና ውጤት ለሚሞላ መምህር ሁሉ የማይረሳ ማስጠንቀቂያ ነው።

በአገራችን የነበረው ልማድ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ በከፊል የተሰጠ የቆየ መልስ እናገኛለን። የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ አንዱ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ይላል፤ ሦስተኛው ወንጌለ ዮሐንስ ያነብባል፤ አራተኛው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ግቢ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ በየደረጃው ነው። ፊደሉን ያልጨረሰ ልጅ ዓመቱ አልቋል ተብሎ «ወደቀ» አይባልም፤ እስኪጨርስ ይቆጥራል። ፈጣኑም ዝግተኛውን አይጠብቅም። የበሰለው ተማሪ ለጀማሪው ያስቀጽላል፤ በዚህም ተማሪው ገና ሳለ መምህርነትን ይለማመዳል።

ለዓይነ ስውራን ደግሞ ከዚህ የበለጠ በር ተከፍቶ ነበር። የቃል ትምህርት በጨለማ፣ ከምሽት በኋላ፣ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚተላለፍ በመሆኑ ዓይን ያለውና የሌለው በእኩል ደረጃ ይቀበሉታል። የቅኔ ተማሪም ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል እንጂ በወረቀት አያቀርብም። በዚህ ምክንያት በዜማና በቅኔ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ለመምህርነት መብቃታቸው በአገራችን የተለመደ ነገር ነበር። በፓሪስ ገበያ ዓይነ ስውር መሳቂያ ሆኖ በቆመበት ዘመን በአገራችን በጉባኤ ቤት ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር ዓይነ ስውር መገኘቱ የሚያኮራ ነው።

ይሁን እንጂ ኩራታችን ሚዛን እንዲኖረው ያስፈልጋል። ያው የቃል ትምህርት ለዓይነ ስውሩ በር ሲከፍት መስማት ለተሳነው ልጅ ፈጽሞ ዝግ ነበር። ድምፅ የትምህርቱ ሁሉ መሠረት በሆነበት ቦታ ድምፅ የማይደርሰው ልጅ ምን ሥፍራ ይኖረዋል? ነገሩ የማይገባው ልጅ ደግሞ አለንጋን ያውቅ ነበር። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት፣ መንገዱ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ አንዱን ሲያስገባ ሌላውን በውጭ ያስቀራል።

ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ፊደላት

ዘመናዊው የዓይነ ስውራን ትምህርት በአገራችን የተጀመረው በ1920ዎቹ በውጭ አገር ሚስዮናውያን ሲሆን፣ በኋላም በሰበታ፣ በሻሸመኔና በባኮ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። በ1960ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ መስማት ለተሳናቸው የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። ከተገነቡት ቤቶች ይልቅ ለታሪካችን የሚያስገርመው ግን በፊደላችን ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

የብሬል ስድስት ነጥቦች በልዩ ልዩ አቀማመጥ ሲገጣጠሙ 63 ምልክቶችን ብቻ ይሰጣሉ። የአማርኛ ፊደል ግን 33 ዝርያዎች በሰባት ሰባት ድምፅ ተባዝተው 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህም ይበዛሉ። እንግዲህ 231 በ63 ውስጥ እንዴት ይገባል? መፍትሔው ፊደሉን ፈትቶ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ መጻፍ ሆነ። በዓይን ሲታይ አንድ የሆነው «ሙ» በጣት ሲዳሰስ «መ»ን የሚያመለክት ምልክትና የካዕብን ድምፅ የሚያመለክት ምልክት ሆኖ ይነበባል። ተማሪው በስሌትና በስታይለስ ከቀኝ ወደ ግራ ነጥቦቹን ይወጋና ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል።

መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀው የጣት ፊደል ግን የተለየ መንገድ መረጠ። ዝርያው በእጅ ቅርጽ ይታወቃል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ እጁ በሚያደርገው ሰባት ዓይነት እንቅስቃሴ ይለያሉ። ልጁ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» ሲል የፊደል ገበታው በእጁ ላይ ይንቀሳቀሳል። እርግጥ ነው፣ የጣት ፊደል ስምንና አዲስ ቃልን ለመጻፍ የሚያገለግል መሣሪያ እንጂ ራሱ ቋንቋ አይደለም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ቃላትና ሰዋስው ያለው ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2008 በዚህ ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት ጀምሯል።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። አንዱ ፊደል ለጣት ሲባል ተፈታ፤ ለእጅ ሲባል ደግሞ እንደተቋጠረ ተንቀሳቀሰ። በሁለቱም የተለወጠው ፊደሉ ነው፤ ተማሪው አይደለም። ይህ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ያለፉበት ሰዎች የደረሱበትን ለማየት የትነበርሽ ንጉሤን መጥቀስ ይበቃል። በወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣችው ይህች ሴት በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ባደረገችው ተጋድሎ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

ከውሳኔ ወደ ክፍል

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በስፔን አገር በሳላማንካ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤት ልጆችን ሁሉ፣ ያሉበት ሁኔታ ምንም ይሁን ምን፣ መቀበል ይገባዋል ብለው አወጁ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። የዚህ ስምምነት 24ኛ አንቀጽ ብሬልና የምልክት ቋንቋ እንዲሰጡ፣ አካል ጉዳተኞችም በመምህርነት እንዲቀጠሩ ይጠይቃል። ሚላኖ ያባረራቸውን መምህራን ሕግ መልሶ ጠራቸው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አካቶ ትምህርት የተባለው ጉዳይ ከመንግሥት ጠረጴዛ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ተዛውሯል። መምህሩ ግን ብዙ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዞ፣ ብሬል ሳይሠለጥን፣ መሣሪያ ሳይቀርብለት «ሁሉን አስተምር» ቢባል ሸክሙ ከባድ መሆኑን የማይረዳ የለም። ልጁን በክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ሌላ ነገር አለማድረግም አካቶ አይደለም፤ ከውጭ መቅረቱ ቀርቶ በውስጥ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ሥልጠናውንና መሣሪያውን መጠየቅ የሙያችን መብትም ግዴታም ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ታሪኩ በእጃችን የተወልን ነገር አለ። በሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ለዓይነ ስውሩ ብቻ ሳይሆን በኋላ መደዳ ለተቀመጠውም ይጠቅማል። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ከመናገር ፊትን ወደ ተማሪዎች አድርጎ መናገር በጆሮው ለማይሰማው ልጅ ግማሽ መንገድ ነው። እጁ ለመጻፍ የሚዘገይበት ልጅ መልሱን በቃሉ እንዲሰጥ መፍቀድ ከየኔታ የወረስነው ልማድ ነው። ቀድሞ የገባው ተማሪ ላልገባው እንዲያስቀጽል ማድረግም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁን «እንዴት ብነግርህ ይገባሃል?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። በሚላኖ ያልተጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ በምንሞላው የውጤት መዝገብ ላይ የተማሪው ስም፣ ያገኘው ነጥብና ማለፍ መውደቁ ይሰፍራል። በስንት መንገድ እንዳስተማርነው የሚጻፍበት ዓምድ ግን መዝገቡ የለውም። ያን ዓምድ በልቡ የሚሞላ መምህር በአንድ ልጅ ስም ትይዩ «ወደቀ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ብዕሩን ጥቂት ያዘገያል።